ጉም ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠራሁ

የእኛ መንደር አፋፍ ላይ ነው፤ ከአንኮበር ከተማ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ይሆናል። ከደጃችን ቆሞ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው መጀመሪያ ገደሉን ያያል፣ ከገደሉ ሥር ደኑን፣ ከደኑ ማዶ ደግሞ ቆላውን። ጉሙ ከቆላው ይነሣና ደኑን እየዋጠ፣ እየዋጠ ወደ ላይ ይወጣል። ደጃችን ሲደርስ የገዛ አጥራችን እንኳ አይታየንም።

ስለዚህ አገራችን አንድ ደንብ አለው። ሳር አጫጅም ይሁን እንጨት ለቃሚ ጉም ከያዘው፣ ከላይ የቀረ ሰው ይጠራዋል። የተጠራው «አቤት!» ይላል። ተጣልቶም ቢሆን፣ አኩርፎም ቢሆን ይመልሳል። አንዴ ተጠርቶ ካልመለሰ አልሰማም ይባላል። ሁለቴ ካልመለሰ ነፋሱ ድምፁን ወስዶት ነው ይባላል። ሦስቴ ተጠርቶ ካልመለሰ ግን ገደል ገብቷል ማለት ነው። ሦስተኛውን ጥሪ የሰማ ሁሉ፣ ጉርሻውን ወደ አፉ ያስጠጋም ቢሆን፣ ገመድና ዱላ ይዞ እሪ እያለ ይወጣል። ይህንን የጻፈው የለም። ሁላችንም ግን እናውቀዋለን።

ባሌን የወሰደብኝ ያው ገደል ነው። ልጃችን ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ኅዳር ላይ ሳር ሊያጭድ ወርዶ ጉም ያዘው። ሁለት ጊዜ ጠራሁት፤ አልመለሰም። ሦስተኛውን ልጠራ አፌን ከከፈትኩ በኋላ አፈርኩ። ጠዋት ስለ አንዲት የታመመች በግ ተነታርከን ነበር። እልኸኛ ሰው ስለነበር ኮርቶብኝ ነው አልኩ። መንደሩን በከንቱ አስወጥቼ መሳቂያ እንዳልሆን ብዬ ዝም አልኩ። በማግስቱ አገኙት። «ወዲያው ነው ያረፈው፤ ብትጠሪም አይተርፍም ነበር» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ይሁን እውነታቸውን ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ፈሪ ነኝ። ሰው እንዲያው ፈሪ ነኝ ሲል ስለ ጅብ ወይም ስለ ሌባ ያወራል። የኔ ፍርሃት ሌላ ነው። ልጄ ከዓይኔ ዞር ካለች ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ይቆጠራል፤ አንድ፣ ሁለት ይልና ሦስት ሳይል ይጠብቃል።

እሷ አደገች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የቀረሁት፤ እሷ እስከ አሥራ ሁለተኛ ተማረች፤ ነጥብ ግን አልመጣላትም። ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች። ከዚያ አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ደርሼ ልምጣ ብላ ሄደችና ፓስፖርት የምታወጣበትን ነገር ጨርሳ ተመለሰች። ዓረብ አገር ልትሄድ ነው። ፓስፖርቱ ሲመጣ ሣጥን ውስጥ ከልብሷ ሥር አስቀመጠችው። ቤት በጠረግሁ ቁጥር ያ ሣጥን ያየኛል። የጎረቤቴ ልጅ በዚሁ መንገድ ሄዳ ሁለት ዓመት ስትደውል ቆየችና ዝም አለች። እናቷ ስልኳን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትውለው። ውኃ ስትቀዳም አታወልቀውም።

«እማዬ፣ እዚህ ምን ይዤ ልቀመጥ?» ትለኛለች።

ምን እላታለሁ? በግ አለሽ ልላት አልችልም። ሦስት በግ ነው ያለን።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ አንድ ሰውዬ ከደብረ ብርሃን መጣ። ደናችን ውስጥ ያለውን ድኩላ ፈቃድ ያላቸው የውጭ አገር ሰዎች ሊያድኑት ይፈልጋሉ አለ። ዝም ብሎ ግን አይታደንም። ሴቷ አትነካም፣ ጎረምሳውም አይነካም፤ አርጅቶ የጠቆረው፣ ቀንዱ የረዘመው አውራ ብቻ ነው የሚፈቀደው። እንዲህ ያለ አውራ መኖር አለመኖሩ፣ የት እንደሚውል፣ የት እንደሚጠጣ አስቀድሞ መታየት አለበት። ይህን የሚያይ የአገር ሰው ይፈልጋል።

ወንዶቹ የገብስ አጨዳ ሊደርስባቸው ስለሆነ እርስ በርስ ተያዩ። ልጄ ተነሣችና «እኔ አየዋለሁ» አለች።

ሰውዬው ሳቅ አለ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ገደል ለገደል መሄድ ነው። ሴት ልጅ...»

«ድኩላው ሴት ናት ወንድ ብሎ አይጠይቅም። ሽታ ነው የሚጠይቀው» አለችው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰውዬውም ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ስለ ደኑ አንድ ሁለት ነገር ጠየቃት። ሁሉንም መለሰች። እንጨት ስለቅም ከጀርባዬ እየተከተለች ነው ያደገች፤ ያንን ደን እንደ ቤታችን ጓዳ ታውቀዋለች። በመጨረሻ እንዲህ አላት፦ «ኅዳር ሳይጋመስ እመጣለሁ። አውራውን በዓይኔ ካሳየሽኝ ሥራው ያንቺ ነው። ለዘንድሮ ብቻ አይደለም፣ በያመቱ ነው።»

ያን ዕለት ማታ ሣጥኑን ስትከፍት አየኋት። ፓስፖርቱን አወጣችና ከታች ወደ ነበረው ብርድ ልብስ ውስጥ ይበልጥ አርቃ ከተተችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ድኩላ ከእሷ ይልቅ እኔ ፈለግሁት።

አብሬያት መውጣት ጀመርኩ። እሷ አልጠራችኝም፤ ቤት ተቀምጬ መቁጠሩን ስላልቻልኩት ነው። መጀመሪያ ተቆጣች፣ በኋላ ደንብ አወጣችልኝ።

«ነጠላውን አውልቂ፤ ነጭ ከሩቅ ይታያል።»

«እሺ።»

«የአባዬን ካፖርት ልበሺ። እና እማዬ፣ አታስነጥሺ።»

«እሱን እንኳ እኔ አላዘውም።»

«እዘዢው!»

ካፖርቱን ለበስኩ። አሥራ አራት ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ ካፖርት ነው። ጭስ ጭስ ይላል እንጂ የእሱ ሽታ ከላዩ ጠፍቷል።

ገና ሳይነጋጋ እንወጣና ጎሕ ሲቀድ ደኑ ጫፍ ላይ እንደርሳለን። የማይታይ ነገር ማየት እንዴት እንደሚደክም ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። በጠጥ እናያለን፤ የፍየል ይመስላል፣ ግን ፍየል እዚያ ድረስ አይወርድም። ትኩስ ከሆነ ያበራል። ዱካ እናያለን። ቀንዱን የፈተገበትን ግንድ እናያለን፤ ልጡ ተልጦ ውስጡ እንደ ዳቦ ነጥቶ። እሷ ሁሉንም ደብተር ላይ ትጽፋለች። ነፋሱን የማውቅበት ዘዴ የኔ ነው። አውድማ ላይ ከማናፈሳችን በፊት እፍኝ እብቅ ወደ ላይ በትነን ነፋሱ ከየት እንደሆነ እናያለን አይደል? እብቅ በኪሴ ይዤ መጣሁና በተንኩላት። ወደ ኋላችን ሄደ። ልጄ ያንን አይታ «እማዬ፣ አንቺን ነው መቅጠር የነበረባቸው» ብላ በሹክሹክታ ሳቀችብኝ።

አንድ ጠዋት ከታች ውሻ ጮኸ። አንድ ጊዜ፣ ደረቅ ጩኸት።

«የማን ውሻ ነው እዚህ የወረደው?» አልኳት።

አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ድኩላው ነው እኮ! ሲደነግጥ እንዲህ ነው የሚጮኸው።»

ዕድሜዬን ሙሉ ከዚያ ደን በላይ ኖሬ ያንን ጩኸት የውሻ እያልኩ ነው የኖርኩት።

ከሁሉ የከበደኝ ዝምታው ነበር። ሁለት ሦስት ሰዓት ጎን ለጎን እንቀመጣለን፣ ቃል አይወጣንም። ብርዱ ከድንጋዩ ወደ አጥንት ይገባል። ቆሎ እንኳ አታቆርጥሚ ብላኛለች፣ ይሰማል ብላ። እሷ ደኑን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። ከሕፃንነቷ ወዲህ እንዲያ ረጅም ጊዜ አይቻት አላውቅም። ጆሮዋ የአባቷ ነው። አጠገቤ ሆና ሩቅ ነበረች፤ ዓይኗ ከደኑ ማዶ ቆላውን አልፎ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። እጄን ዘርግቼ ልነካት አስብና ቅጠል ይንኮሻኮሻል ብዬ እተወዋለሁ።

ጥቅምት አለቀ። ሴቶቹን አየን፣ ቀያዮቹን። ሁለት ጎረምሶች አየን። አውራውን ግን በዱካው ብቻ እናውቀዋለን፤ ሰፊ ነው፣ ጫፉ የተሰነጠቀ። ዱካው ሁልጊዜ ወደ አንድ ትልቅ ድንጋይ ይሄድና ይጠፋል።

«ከዚያ ድንጋይ በታች ምን አለ?» አለችኝ አንድ ቀን። «ለምን ወደዚያ ወስደሽኝ አታውቂም?»

«ምንም የለም።»

«እማዬ።»

«ምንም የለም አልኩሽ። ገደል ነው።»

ቤት ስንመለስ ሣጥኑን አየሁት። ሰውዬው ሊመጣ ዐሥር ቀን ቀርቶታል። ገብሱን ለማጨድ የመጣውን ሰው አብልቼ ሸኘሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ነገርኳት። ከዚያ ድንጋይ በታች ምንጭ አለ፣ ምንጩ ዳር የማይደርቅ ሳር አለ፣ አባቷ ያን ሳር ነው ሊያጭድ የወረደው። ከዚያ ወዲህ ማንም አጭዶት አያውቅም፤ እኔም እግሬን ወደዚያ አላነሣሁም። አውራው እዚያ ካልሆነ የትም የለም አልኳት።

ልጄ ደብተሯን ዘግታ ሣጥኑ ላይ አስቀመጠች። በኋላ «እማዬ፣ እኔ ብቻዬን መውረድ እችላለሁ» አለች።

«መንገዱን አታውቂውም» አልኩ። ጠዋት ቀድሜ ወጣሁና መራኋት። በመቀመጫዬ እየተንሸራተትኩ ነው የወረድኩት፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ የጥድ ሥር ይዤ ዓይኔን ጨፍኜ። ከምንጩ በላይ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ተቀመጥን። ብዙም አልጠበቅንም።

ጥቁር ነው። ከአንገቱ እስከ ጭራው ጋማ አለው። ቀንዱ አንዴ ተጠምዝዞ ወደ ላይ ሲሄድ ጫፉ እንደ ዝሆን ጥርስ ነጣ ይላል። ከሳሩ አንድ ሁለቴ ነጨ፣ ቀና ብሎ አዳመጠ፣ ደግሞ ነጨ። አጠገቡ ማንም የለም። ሲያረጅ ሌሎቹ ይተዉታል ወይም እሱ ይተዋቸዋል አለችኝ በኋላ። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። አሥራ አራት ዓመት እየፈራሁ ዞሬ የምሄደውን ቦታ አንድ ፍጥረት ቤቱ አድርጎ በሰላም ይበላበታል። አለቀስኩ። ድምፅ ሳላወጣ ማልቀስ እችልበታለሁ።

አምስት ጠዋት ወረድን፤ አራቱን አገኘነው። ልጄ ሌላ ሰው ሆነች። ቤት ውስጥ ታንጎራጉራለች። ለሰውዬው ደወለችለት፤ ከላይ ሸንተረሩ ላይ፣ ከብቸኛው ጥድ ሥር ካልሆነ ኔትወርክ የለምና እዚያ ወጥታ። «ይምጡ፣ አለ» ስትለው ሰማሁ።

ሰውዬው መጣ። የሩቅ ማያ መነጽር አንገቱ ላይ አለ፣ ጫማው የከተማ ነው። ሽቅቡን ገና ሳንጨርሰው ትንፋሹ አጠረ።

«እማማ፣ እርስዎ ግን አይደክምዎትም?» አለኝ።

እማማ! በዕድሜ ቢበልጠኝ እንጂ አያንሰኝም። «እርስዎ ከመኪና ወርደው ነው፤ እኔ ከመኪና ወርጄ አላውቅም» አልኩት። ልጄ በዓይኗ ተቆጣችኝ።

ድንጋዩ ሁለት ሰው ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ እኔ ከላይ፣ አፋፉ ላይ መቅረት ነበረብኝ። ልጄ ካፖርቴን አስተካከለችልኝና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እማዬ፣ ስሚኝ። ጉም ቢመጣም አትጥሪኝ።»

«እሺ።»

«መመለስ አልችልም። አንድ ቃል ካወጣሁ ይሄዳል። ሰውዬው ሪፖርቱን በዚህ ሳምንት ነው የሚያስገባው። ሌላ ቀን የለኝም።»

«እሺ አልኩ እኮ።»

«ማይልኝ።»

ማልኩላት። በምን እንደማልኩ አልናገርም።

ወረዱ። ቁልቁል ሲሄዱ የጥዱ ቅርንጫፍ ሲወዛወዝ አየሁ፣ ከዚያ ምንም አላየሁም። ጠዋቱ ጥሩ ነበር፣ ፀሐይ ነበረ። ከማዶው ሸንተረር ላይ አጫጆቹ ሲዘፍኑ ይሰማል። ጉም በጠዋት አይመጣም፤ ከሰዓት ነው ልማዱ። የዚያን ዕለት ግን ቁልቁል ሳይ ደኑ ጫፍ ላይ ነጭ ነገር ቆሟል። ሳየው ቆየሁ። የሚንቀሳቀስ አይመስልም። ደግሜ ሳይ ግማሹ ደን የለም።

እጄን አፌ ላይ አደረግሁ። ይህን ያደረግሁት ላለመጥራት ነበር። ጉሙ መጣና እግሬን ወሰደው፣ አጠገቤ ያለውን ድንጋይ ወሰደው። አጫጆቹ ዝም አሉ። ነፋስም የለም። ልጄ ከእኔ በታች መቶ እርምጃ ላይ ናት፤ እኔ ግን ዓለም ላይ ብቻዬን ነበርኩ።

ከታች ድንጋይ ተንከባለለ። አንድ ጊዜ ነጠረ፣ ሁለተኛ ነጠረ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ድምፁ የጠፋበትን ቦታ አውቀዋለሁ።

ጠራኋት። ስሟን ነው የጠራሁት። የጠራሁት እኔ መሆኔን ያወቅሁት ድምፁ ከጆሮዬ ሲገባ ነው።

ምንም የለም።

አልሰማችኝም አልኩ። ሰምታኛለች፣ ድኩላውን እያየች ነው አልኩ። ደህና ናት አልኩ። ማልኩላት እኮ አልኩ። እንዲህ እያልኩ ሁለተኛውን ጠራሁ።

ምንም የለም።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ባሌን የጠራሁበት ቦታ ቆሜ ነበር። ካፖርቱ ላዬ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ጠርቼ ዝም ያልኩ ሴት ነኝ፤ አሥራ አራት ዓመት ያን አንድ ጥሪ በአፌ ይዤ ኖሬያለሁ። ልጄ ዝም በይ ብላኛለች፤ ሥራዋም፣ አገሯ ላይ መቅረቷም እዚያ ዝምታ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ሁሉንም አውቃለሁ። ሦስተኛውን ጠራሁ፤ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጠራሁ።

መጀመሪያ የመለሰልኝ ድኩላው ነው። ያ ደረቅ ጩኸት፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ቀጥሎ ቅርንጫፍ ሲሰበር። ቀጥሎ ማዶው ሸንተረር እሪ አለ። አጫጆቹ ማጭዳቸውን ጥለው መጡ። መንደሩ ወጣ። ሴቱ እየጮኸ፣ ወንዱ ገመድ እየፈታ፣ አንዱ ቃሬዛ ተሸክሞ። ቀድማ የደረሰችው ያቺ ስልክ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ጎረቤቴ ነበረች፤ ያዘችኝና «የት ጋ? የት ጋ ናት?» ትለኛለች። በእጄ አሳየኋት። ሃያ ሰው በጉሙ ውስጥ ቁልቁል ተንደረደረ።

ልጄን መሐል አድርገው አወጧት። በእግሯ ትሄዳለች። ምንም አልሆነችም። ሰውዬው ከኋላ ነው፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ ድንጋዩን ያንከባለለው የእሱ ጫማ ነው።

ሰዉ ልጄን በሕይወት ሲያያት እልልታውን አቀለጠው። ጎረቤቴ አንገቷን እያቀፈች ትስማታለች። ልጄ በእልልታው መሐል ቆማ እንባዋ ይወርዳል፤ ሁሉም የደስታ መስሏቸዋል።

ቃሬዛውን የተሸከመው ሽማግሌ ሰውዬውን ከላይ እስከ ታች አየውና «ጌታው፣ ከመጣን አይቀር እርስዎን ጭነን እንመለስ?» አለው። ሳቁ። ሰውዬውም ሊስቅ ሞከረ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ወደ እኔ መጥቶ «እማማ፣ ምንም አይደል። እናት ነዎት» አለኝ። ለልጄ ደግሞ ቀስ ብሎ እንዲህ አላት፦ «ጀርባውን አይቻለሁ። ጀርባ ግን አይመዘገብም። ቀንዱን አላየሁም፣ አየሁ ብዬ መጻፍ አልችልም።» ያን ያህል ሰው በረገጠው ቦታ አውሬው ለሳምንታት እንደማይመለስ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

ሰዉ ወደ አጨዳው ተመለሰ። እኛ ወደ ቤት ሄድን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ግማሽ መንገድ ላይ ሳትዞር ተናገረች።

«ሦስተኛውን ባትጠሪ ኖሮ ድኩላው ይዞር ነበር። ሰውዬው ቀንዱን ሊያየው ነበር።»

«ሁለተኛው ላይ ብትመልሺልኝ ኖሮስ?»

ቆመች። ጉሙ ፀጉሯ ላይ ነጠብጣብ ሆኗል። «መለስኩልሽ እኮ» አለች። «ሦስቱንም በሆዴ መለስኩልሽ።»

የገና በዓል ሳይደርስ ሄደች። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት፤ ውርጩ ከመሬቱ ገና አልለቀቀም ነበር። አኩርፋኝ አይደለም የሄደችው። አኩርፋኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ በሶፍት ጠረገችልኝ፣ ስልክ ሳታነሺ እንዳትቀሪ አለችኝ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ በመስኮት አየችኝ። ደብተሩን ቤት ትታልኝ ነው የሄደች።

በዓመቱ ጥቅምት ላይ ሰውዬው ተመልሶ መጣ። ደጄ ላይ ቆመና «ልጅቷስ?» አለኝ።

«ሄደች።»

መሬት መሬት አየ። ከዚያ «ያንን ቦታ የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?» አለ።

«እኔ አለሁ።»

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ዝም ማለት ይችላሉ?»

«ማንን እጠራለሁ ብለው ነው?» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን እወርዳለሁ። ካፖርቱን እለብሳለሁ፣ እብቄን እበትናለሁ። እሷ ቃል በምትጽፍበት እኔ መስመር አሰምራለሁ፤ ለሴቷ አጭር፣ ለጎረምሳው ረዘም ያለ፣ ለአውራው ወደ ላይ የተጠማዘዘ። መጀመሪያ ላይ የተጠማዘዘው መስመር ደብተሬ ላይ አልነበረም። ዱካውን ግን አይቻለሁ፣ የተሰነጠቀውን። ልጄ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት፣ አሠሪዎቿ ሲተኙ ትደውላለች። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ወደ ምንጩ አልወርድም፤ ሸንተረሩ ላይ፣ ከጥዱ ሥር እቀመጣለሁ። ኔትወርክ ያለው እዚያ ነው።

አንድ ዓርብ እንዲያ ተቀምጬ ሳለሁ አውራው ራሱ መጣ። ከምንጩ ወጥቶ፣ እኔ ካለሁበት ዐሥራ አምስት እርምጃ አይሆንም፣ ከቁጥቋጦው መሐል ቆመ። ከዓምናው ነጣ ብሏል፣ አንድ ጆሮው ተቀድዷል። ቀንዱን እስከ ጫፉ አየሁት። ነፋሱ ወደ እኔ ነው። ዓይን ለዓይን ልንገጣጠም ትንሽ ሲቀረን ስልኩ ጭኔ ላይ ጮኸ።

«አቤት!» አልኩ። ድምፄን ዝቅ እንኳ አላደረግሁም።

ድኩላው ጮኸና ቁልቁል ጠፋ።

«እማዬ፣ ምንድን ነው የጮኸው? ውሻ ገዛሽ እንዴ?»

«እሱ ነው። ሽማግሌው።»

«አጠገብሽ? አሁን?» ሳቀች። በስልክ ሳቋ ደኑ ውስጥ በሹክሹክታ ከምትስቀው አይለይም። «ዝም አትይም ነበር ታዲያ! ቆይቼ እደውል ነበር እኮ።»

«ይሂድ፤ አይቼዋለሁ።»

ስለ ሥራዋ ጠየቅኋት፣ ደህና ነው አለች። እጇን ስለሚበላት ሳሙና ነገረችኝ። አንድ ሌላ ነገር ልትነግረኝ «እማዬ፣ እኔ እኮ...» ስትል ድምፁ ተቆረጠ። ስልኩን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ጉሙ ከታች ደኑን እያለፈ ወደ እኔ ይመጣ ነበር።

ስሟን ጠራሁ። መልስ የለም። አልሰማችም አልኩ። ደግሜ ጠራሁ። ኔትወርኩ ነው አልኩ።

ማዶ አጫጆች አሉ፤ ሦስተኛውን ከሰሙ ገመድ ይዘው ይወጣሉ። ሦስተኛውን በሆዴ ጠራኋት። ከዚያ ደብተሩን አወጣሁና አንድ ወደ ላይ የተጠማዘዘ መስመር አሰመርኩ፤ ጉሙ እስኪደርስብኝ፣ ደርሶም እስኪያልፈኝ፣ ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ እዚያው ጥዱ ሥር ቆየሁ።